ሻማው ሲያልቅስ?

እትዬ ሳሎን ውስጥ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት የሰጠኋቸው የእንጨት ሻማ ማስቀመጫ አለ። እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። በገዛ እጄ ቆርጬ፣ በገዛ እጄ ሰርስሬ፣ ለሰው የሰጠሁት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው።

ባለፈው ስሄድ አንድ ነገር ተለየብኝ። ማስቀመጫው ዞሯል። ቅርፊቱ የሚያምርበትን ጎን ወደ ሰው አድርጌ ነበር ያስቀመጥኩት። አሁን ያ ጎን ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ሲወለውሉ ዞሮባቸው ይሆናል ብዬ ላስተካክለው አነሳሁት።

ጠቁሯል። ከቀዳዳው አፍ ጀምሮ፣ ስንጥቁን ተከትሎ፣ እንደ ምላስ ወደ ታች የወረደ ጥቁር ጠባሳ አለው። በጣቴ ስነካው ከሰሉ እጄ ላይ ቀረ።

"ተይው እዚያው" አሉኝ ከኋላዬ።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ምንም አይደል። ትንሽ እሳት ነክቶት ነው።"

"መቼ?"

"ቆይቷል እኮ።"

ጨቅጭቄ ነው ያስወጣኋቸው። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ አበሩ። ረጅሟን፣ ቀጭኗን። ስልክ ጮኸና መኝታ ቤት ገብተው አነሱት። ወሬው ረዘመ። የሆነ ነገር ሲሸታቸው ወጡ። "ሻማው የለም፤ እሳቱ ግን አለ" አሉኝ። "ሻማው አልቆ እንጨቱ ነው የሚበራው።" የድስት ክዳን ደፍተውበት ጠፋ። ውሃ ባለማፍሰሳቸው እስካሁን አመሰግናለሁ። የጋለ ሰም ላይ ውሃ ሲደፋበት ፈንድቶ ይረጫል፤ እሳቱንም ይዞት ይበተናል።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ስትሰጪኝ ፊትሽ እንዴት እንደነበር አይቻለኋ። በምን አፌ ልንገርሽ?" ትንሽ ዝም አሉና ቀጠሉ። "ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስትሠሪው፣ ሻማው ሲያልቅ ምን ይሆናል ብለሽ ነበር?"

መልስ አልነበረኝም። ስለዚያ ማስቀመጫ ብዙ አስቤ ነበር እኮ። የትኛው ጎን ከፊት ይሁን፣ ቅርፊቱ ይቅር ወይስ ይላጥ፣ ቀዳዳው መሃል ላይ ይሁን ወይስ ገለል ይበል፣ ሁሉንም አውጥቼ አውርጄ ነበር። ሻማው ሲለኮስ ብርሃኑ እንጨቱ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ፎቶ አንስቻለሁ። ከዚያ እፍ ብዬ አጥፍቼዋለሁ። በእኔ እጅ አንድም ሻማ እስከ መጨረሻው ነዶ አያውቅም።

በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ተመሳሳይ ማስቀመጫ ለሌሎች ስድስት ሰዎች ሰጥቼ ነበር። ያን ዕለት ማታ ለስድስቱም ደወልኩ። "እባካችሁ፣ ቀዳዳው ውስጥ ብረት ሳይገባበት ሻማ አትትከሉበት። እኔ እስክመጣ አንሱት።" አንዷ ጓደኛዬ እስክሪብቶ መሰካኪያ አድርጋው ነበር። ያን ስሰማ በረጅሙ ተነፈስኩ።

የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች

ጥያቄው አልለቀቀኝም። ስተኛም ስነሳም "ሻማው ሲያልቅስ?" ይለኛል። መልሱን በሐሳብ ማግኘት ስላልቻልኩ በዓይኔ ላየው ወሰንኩ።

ከእትዬ ማስቀመጫ ጋር ከአንድ ግንድ የተቆረጠ ሌላ ቁራጭ ቤት ነበረኝ። ቀዳዳው ያው ነው፤ ስፋቱ ለ22 ሚሊ ሜትር ሻማ የሚበቃ፣ ጥልቀቱ 25 ሚሊ ሜትር። ስንጥቁም እንደዚያኛው። ውጭ አወጣሁት። ዙሪያው የሚቀጣጠል ነገር የሌለበት፣ ነፋስ የማይደርስበት ጥግ ፈልጌ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቤ አንድ ባልዲ አሸዋና የድስት ክዳን። ሻማውን ወደ 6 ሳንቲ ሜትር አሳጥሬ ለኮስኩና ከፊቱ ቁጭ አልኩ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ምንም የተለየ ነገር የለም። ያምራል። ሰሙ በቀስታ ይወርዳል፣ ጎኑ ላይ ይደርቃል። ማንም ሰው ቢያየው "እንዴት ደስ ይላል" የሚለው ይሄኛውን ክፍል ነው።

ነበልባሉ ወደ እንጨቱ አፍ ሲጠጋ ነገሩ መለወጥ ጀመረ። መጀመሪያ የተለወጠው ሰሙ ነው። ድሮ በጎን ይፈስ የነበረው አሁን መሄጃ አጣና ቀዳዳው ውስጥ ተጠራቀመ። ከዚያ ደረጃው ቀነሰ። ሲነድ አይደለም የቀነሰው፤ እንጨቱ እየጠጣው ነው። የቀዳዳው ዙሪያ ዘይት የነካው ወረቀት ይመስል ጠቆር አለ፣ አብረቀረቀ። ቀጥሎ የአፉ ጠርዝ ቡናማ ሆነ። ስንጥቁ ውስጥ ትንንሽ አረፋ አየሁ። ሽታው ከሻማ ሽታ ወደ እንጨት ሽታ ተቀየረ።

ከዚያ ስንጥቁ ላይ፣ ከክሩ አንድ ጣት ያህል ርቃ፣ ሌላ ነበልባል ተነሳች። የስንዴ ቅንጣት የምታህል። ጠፋች። ተመልሳ መጣች። በሦስተኛው አልጠፋችም። የሻማው ክር ሰጥሞ ሲጠፋ እሷ ቀረች፤ አደገችም። እትዬ ያዩትን ነገር አየሁት። ክዳኑን ደፋሁበት።

እዚያው ድንጋዩ አጠገብ ብዙ ቆየሁ። ሻማ እንዴት እንደሚነድ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። ሰም ጠጣር ሆኖ አይነድም። ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ክሩ ወደ ላይ ይስበዋል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይተንናል። የሚነደው ተኑ ነው። የክሩ ዋና ሥራ መሳብ ነው። እንጨትስ ምንድን ነው? ዛፉ ቆሞ ሳለ ውሃን ከሥር ወደ ቅጠል ሲያደርሱ የነበሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ጥቅል ነው። ግንዱን አግድም ቆርጬ ከላይ ስሰረስረው የእነዚያን ቱቦዎች አፍ ነው የከፈትኩት። የቀለጠ ሰም አፈሰስኩባቸው፤ የጠቆረ ጠርዝ ሰጠኋቸው፤ አጠገባቸው ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ነበልባል አቆምኩ። እንጨት ደግሞ ለመቀጣጠል 300 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል።

ሻማ መያዣ የሠራሁ መስሎኝ ትልቅ ክር ነበር የሠራሁት።

ስንጥቁ ከየት መጣ

ነበልባሏ የተነሳችው ስንጥቁ ላይ መሆኑ በጣም አሳሰበኝ። ያንን ስንጥቅ እወደው ነበር። ማስቀመጫውን ለእትዬ ስሰጥ ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ነበር። በወሩ ሲሰፋ "ተፈጥሮው ነው፤ ያምርበታል" ብያቸዋለሁ። ሰሙ እንደ ቦይ የተጠቀመበት ግን እሱን ነው። ያ ስንጥቅ ባይኖር እሳቱ ያን ያህል አይወርድም ነበር። ስለዚህ ስንጥቁ ከየት እንደመጣ ማወቅ ነበረብኝ።

ከእኔ ነው የመጣው። ከችኮላዬ። ግንዱ ከተቆረጠ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። እርጥብ እንጨት ለመጋዝ ይመቻል፣ መሮ ይቀበላል፣ ቶሎ ይሰረሰራል። "ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ" እየተባለ ነው ያደግነው። ለሚታጠፍና ለሚቀረጽ እንጨት እውነት ነው። ለሻማ ማስቀመጫ ግን ተረቱ ተገልብጦ ነው የሚሠራው።

እንጨቱ ራሱ ነግሮኝ ነበር፤ የሚሰማው አጣ እንጂ። የመጀመሪያውን ቀዳዳ ስሰረስር ሰጋቱራው አልበነነም። ረጠብ ብሎ ፑንታው፣ ማለትም የድሪሉ መሰርሰሪያ ጫፍ፣ ላይ ይጠመጠም ነበር። በየጊዜው እያቆምኩ በጣቴ እጠርገዋለሁ። ቀዳዳው ውስጥ ጣቴን ስከት ይቀዘቅዛል። ጎኑን ሳንኳኳው ድምፁ ድፍን ነው። ዛሬ ደረቅ እንጨት ስሰረስር ሰጋቱራው እንደ ዱቄት ይበናል፣ እንጨቱም ሲመታ ቋ ይላል። ልዩነቱን አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም።

የሚሰነጠቅበት ምክንያት ሲገባኝ ደስ ነው ያለኝ፤ በጣም ቀላል ነው። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። በቁመቱ ምንም አይል ማለት ይቻላል። ከመሃል ወደ ቅርፊት ባለው አቅጣጫ ብዙ ጊዜ 4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በዙሪያው፣ የዕድሜ ቀለበቶቹን ተከትሎ ደግሞ፣ የዚያን እጥፍ። እንግዲህ ክብ ጉማጅ አስቡ። ዙሪያው በ8 በመቶ ማጠር ይፈልጋል፤ መሃሉ ግን 4 በመቶ ብቻ ነው የሰጠው። ቀበቶው ጠበበ፣ ሆዱ ግን አልጎደለም። አንድ ቦታ መበጠስ አለበት። ከቅርፊት ተነስቶ ወደ እምብርቱ የሚሄደው፣ አፉ ሰፊ ታቹ ጠባብ የሆነው ስንጥቅ ይሄ ነው። ክብ ቁራጭ መሃሉን እንደያዘ ከደረቀ መሰንጠቁ አይቀርም ማለት ይቻላል።

ሌላም ነገር አለ። ውሃው የሚወጣው በዋናነት በተቆረጠው ፊት በኩል ነው፤ ከጎኑ ይልቅ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ጫፉ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ስለዚህ አዲስ የተቆረጠ ግንድ ሳገኝ መጀመሪያ የማደርገው ሁለቱን ጫፎች በቀለጠ ሰም ወይም በወፍራም ቀለም መቀባት ነው። የምፈልገውን ቁመት ብቻ ቆርጬም አላስቀምጥም። ረዘም አድርጌ እቆርጠውና ሲደርቅ የተሰነጠቀውን ጫፍ ጥዬ ከጤነኛው ክፍል እወስዳለሁ።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን ግንዱን ለሁለት መሰንጠቅ ነው። በቁመቱ፣ በእምብርቱ በኩል። ያኔ ውጥረቱ ይፈታል፤ ቀበቶው ቀድሞ ተፈቷልና የሚበጥሰው የለም። ግማሹ ግንድ በጠፍጣፋ ሆዱ ይተኛል፣ አይንከባለልም፤ ቀዳዳዎቹም የሚገቡት በጀርባው በኩል፣ ከጎን ነው። በዚያ አቅጣጫ ከቀዳዳው ታች የቱቦዎቹ አፍ አይከፈትም፤ ስለዚህ ሰሙ እንደ በፊቱ ወደ ታች አይጠጣም፤ በቀዳዳው ሁለት ጎን ግን አፋቸው ይከፈታል። ከመልኩም ይሄኛውን እየወደድኩት መጥቻለሁ። የቆመ ጉማጅ የተቆረጠ ነገር ይመስላል፤ የተኛ ግማሽ ግንድ ግን መሬት ላይ ወድቆ ያረፈ ይመስላል።

ስንት ጊዜ ይደርቃል? የቆየው የእንጨት ሠሪዎች ልማድ በየ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይላል። ደረቅ አየር ባለበት ያንሳል፣ እርጥበት ባለበት ይበዛል። እኔ ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ሚዛን ነው የማምነው። በኩሽና ሚዛን በየሳምንቱ እመዝንና ቁጥሩን እዚያው እንጨቱ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። አሁን በእጄ ያለው 1,240 ግራም ብሎ ጀመረ። ለወራት እየቀነሰ 850 ላይ ደረሰና ቆመ። አራት ሳምንት ሙሉ ያው 850። ያኔ ነው መጋዝ ያነሳሁት። ወደ 400 ግራም የሚጠጋ ውሃ፣ ከአንድ እጅ ከማይከብድ እንጨት! በመጀመሪያው ሥራዬ ያን ሁሉ ውሃ ከነእንጨቱ ጠቅልዬ ለእትዬ ሰጥቻቸው ነበር።

ከመጨረሻው መጀመር

አሁን አዲስ ማስቀመጫ ስጀምር መጀመሪያ የማስበው የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ነው። ነበልባሉ የሚሞተው የት ላይ ሆኖ ነው? የተረፈው ሰም የት ይቀመጣል? እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ ሌላው ቀላል ነው።

መልሱ ብረት ነው፤ ወይም ብርጭቆ። ለረጅሙ ሻማ ቀዳዳው ውስጥ ታቹ ድፍን የሆነ የብረት ወይም የነሐስ ጽዋ አስገባለሁ። ከላይ ዙሪያውን ወደ ውጭ የተዘረጋ ጠርዝ አለው፤ እሱ የእንጨቱን አፍ ይሸፍነዋል። ሰም ከእንጨት ጋር አይገናኝም። እንዲያም ሆኖ ሻማው እስከ ጽዋው ወርዶ እንዲነድ አልፈቅድም። 5 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ይጠፋል። ጽዋው ሰው ለረሳ ቀን ነው፤ እትዬ ስልክ ላነሱበት ቀን።

በአልሙኒየም ጽዋ ውስጥ የሚመጡት ትንንሽ ሻማዎች ይቀላሉ፤ ብረታቸውን ይዘው ስለሚመጡ። ስፋታቸው 38 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ቀዳዳውን 40 አደርገዋለሁ፤ ጽዋው ያለ ትግል እንዲገባና እንዲወጣ። ጥልቀቱ ላይ ግን ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ብዙዎች ጽዋው ከእንጨቱ ፊት ጋር እኩል እስኪሆን፣ አንዳንዴም እስኪሰምጥ ድረስ ይሰረስራሉ። እውነት ነው፣ ከላይ ሲያዩት ንጹሕ ነው። ግን ሻማው እየነደ ሲሄድ ነበልባሉ ወደ ታች ይወርዳል። ቀዳዳው ጥልቅ ከሆነ መጨረሻ ላይ የሚነደው በእንጨት ግድግዳ መሃል ነው። እኔ የጽዋውን ጠርዝ ከእንጨቱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጌ እተወዋለሁ። ዓይን ይለምደዋል።

ቀዳዳውን ንጹሕ አድርጎ የሚያወጣው ፎርስትነር የሚባለው ፑንታ ነው። ቤንጃሚን ፎርስትነር የተባለ አሜሪካዊ ጠመንጃ ሠሪ ነው እ.ኤ.አ. በ1874 የባለቤትነት ማረጋገጫ ያወጣበት። ከሌላው የሚለየው የሚመራው በዙሪያ ጠርዙ መሆኑ ነው። መሃሉ ላይ ረጅም ሹል ጫፍ የለውም፤ ስለዚህ የቀዳዳው ታች ጠፍጣፋ ይሆናል። ጎብጦ በተኛ ግንድ ጀርባ ላይ እንኳ ቀስ ብሎ ከያዘ አይንሸራተትም። ግንዱ ግን በሞርሳ፣ ጠረጴዛ ላይ በሚጠብቀው የብረት መያዣ፣ መታሰር አለበት። በአንድ እጅ ይዤ በሌላው ልሰርስር ማለት እጅን ማስበላት ነው። ድሪሉንም በቀስታ። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" የሚባለው እዚህ ጋ በደንብ ይሠራል፤ ፑንታው በፍጥነት ሲገፋ እንጨቱን አቃጥሎ ያጠቁረዋል፣ የጠቆረው ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈተግ ቶሎ አይለቅም።

ሁለት ወይም ሦስት ሻማ የሚይዝ ከሆነ በቀዳዳዎቹ መካከል ቢያንስ 8 ሳንቲ ሜትር እተዋለሁ። ተጠጋግተው ሲነዱ አንዱ የሌላውን ሰም ያቀልጣል፤ ነበልባላቸውም ይወዛወዛል።

ስለ ቅርፊት ሐሳቤን ለውጫለሁ። ድሮ ያለ ቅርፊት ማስቀመጫ አይታየኝም ነበር። አሁን አብዛኛውን ጊዜ እልጠዋለሁ። ቅርፊት ሲደርቅ ይነሳል፤ የተነሳው ቀጭን ጠርዝ እሳት ለመያዝ ከግንዱ ይፈጥናል። ከሥሩም ነፍሳት ይደበቃሉ። ልቆይ ካለ በራሱ ጥብቅ ብሎ የቆየውን ብቻ፣ ከቀዳዳው በራቀው ጎን እተወዋለሁ። ሲላጥ የሚወጣውን አለማየቴ ነው የሚቆጨኝ። ከቅርፊቱ ሥር እጅ ሲዳስሰው እንደ ደረቅ ሳሙና የሚለሰልስ ገጽ አለ። አንዳንዴ ነፍሳት የሄዱበት መስመር ይታይበታል፤ ጽሑፍ ይመስላል። ማንም አይቀርጸውም እንደዚያ።

እንጨቱን ስመርጥ "ከሰው መርጦ ለሹመት፣ ከእንጨት መርጦ ለታቦት" የሚለው ትዝ ይለኛል። ለእሳት ጎረቤት የሚሆነውም ምርጫ ይገባዋል። ጥቅጥቅ ያለውን፣ ከበድ የሚለውን እወስዳለሁ፤ ወይራ ሲገኝ ሌላ አልፈልግም። ሙጫ የሚያለቅሰውን፣ ለምሳሌ ጥድን፣ ለሌላ ሥራ አስቀምጠዋለሁ። ሙጫ ይቀጣጠላል። ቀለም የተቀባ ወይም መድኃኒት የተነከረ አሮጌ እንጨት ደግሞ በጭራሽ።

ማለስለሱ ጊዜ ይወስዳል እንጂ አያስቸግርም። በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ቁጥር 80 ጀምሬ በ120 አልፌ በልስልሱ 220 እጨርሳለሁ። ታቹን ሳስተካክል ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ማስቀመጫውን እላዩ ላይ አሻለሁ። ከዚያ መስታወት ላይ አስቀምጬ በጣቴ ገፋ አደርገዋለሁ። ትንሽ እንኳ ከተንገዳገደ እመለሳለሁ። እላዩ ላይ የሚቆመው እሳት ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ሰው የተልባ ዘይት ይቀባል፤ እኔም እቀባለሁ፣ የእንጨቱን መስመር ያወጣዋል። አደጋው ዘይቱ የተጠረገበት ጨርቅ ላይ ነው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከአየር ጋር እየተዋሃደ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ተጨማድዶ ቆሻሻ ውስጥ ከተጣለ ያ ሙቀት መውጫ ያጣል፤ ተጠራቅሞ ተጠራቅሞ ያለ ክብሪት ራሱ ይቀጣጠላል። ጨርቁን ውጭ ዘርግታችሁ ድርቅ እስኪል ተዉት፤ ካልሆነ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ሻማ ሳይለኮስ ቤት የሚያቃጥል ነገር ነው፤ እባካችሁ አትርሱት።

እትዬ ጋ፣ እንደገና

አዲሱን ይዤ የሄድኩት ባለፈው ወር ነው። ግማሽ ግንድ፣ ቅርፊቱ የተላጠ፣ መሃሉ ላይ አንድ የነሐስ ጽዋ፣ በሁለት ጎኑ ለትንንሾቹ ሻማዎች ሁለት ቀዳዳ። ከመስጠቴ በፊት ያንኑ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ሦስት ጊዜ እስከ መጨረሻው አንድጄዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ጥዬው ሳልነሳ።

እትዬ ተቀበሉኝና ከላይ አላዩትም። ገለበጡት። ታቹን በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ ከዚያ ጣታቸውን ጽዋው ውስጥ ከተው ዞር ዞር አደረጉ። "ይሄ ይወጣል?" ጽዋውን አውጥቼ አሳየኋቸው። ሰም ሲጠራቀምበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ እንጨቱ ሳይነካ ይጸዳል።

"እንግዲህ እናየዋለና" አሉ።

ትንንሾቹን ሁለቱን ለኮሱ። መጋረጃውን ሰበሰቡ፣ በዙሪያው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ምንም እንዳይኖር ጋዜጣውንም መነጽራቸውንም አነሱ። ስልካቸውን አጠገባቸው አደረጉ። እኔ ሳልነግራቸው። ሁለታችንም ስናወራ አመሸን፤ ስለ እናቴ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ብዙ ነገር። ወሬው መሃል ላይ አንዳንዴ ዝም እንልና ወደ ሻማው እናያለን።

አንደኛው ቀድሞ ጨረሰ። ነበልባሉ አነሰ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ጽዋው ውስጥ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። ቀጭን ጭስ ቀጥ ብሎ ወጣ። እትዬ ብድግ ብለው ከጽዋው ጥግ ያለውን እንጨት በጣታቸው ጀርባ ነኩት፤ የሕፃን ግንባር እንደሚነካ።

"ለብ ብሏል" አሉ። "ብቻ።"

ሁለተኛውም ሲጠፋ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ክንድ የሚያህል ወፍራም ሻማ ይዘዋል፤ የት እንዳስቀመጡት እኔም አላውቅም ነበር።

"ለዚህኛውስ?" አሉኝ። "ይሄ ሲያልቅ ሰሙ የት ይሄዳል?"

ከቦርሳዬ ማስመሪያ አወጣሁና ታቹን ለካሁት።